የአፍ ወለምታ በስልክ ዘመን

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እናት ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ታቁላላለች። አባት ሳሎን ተቀምጦ ከስልኩ ዜና ያዳምጣል። የ15 ዓመት ልጃቸው ፎቅ ላይ ክፍሉን ዘግቶ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቷል። እናት ሁለት ጊዜ በስሙ ተጣራች፤ መልስ የለም። እጇን በሽርጧ አብሳ ስልኳን አነሳችና «ምሳ ደርሷል፣ ና ብላ» ብላ ጻፈችለት። ልጁም ከላይ ሆኖ በአንዲት ፊደል መለሰ፦ «ኬ»።

በእሱ ቤት «እሺ፣ መጣሁ» ማለቱ ነው፤ ጓደኞቹም የሚጻጻፉት እንዲሁ ነው። በእሷ ቤት ግን ከጠዋት ጀምራ እሳት ላይ የቆመችለት ልጅ በአንዲት ፊደል አሰናበታት። ምሳው ቀረበ፤ ማንም ብዙ ሳይናገር ተበላ። ልጁ እናቱ ለምን እንደከፋት አልገባውም፤ እሷም «ምን ሆነሻል?» ብሎ የሚጠይቃት ስላጣች ዝም አለች። ማታ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ የታላቅ እኅቷ የድምፅ መልእክት ደረሳት፦ «አንቺ፣ ጠፋሽ እኮ! ረሳሽን ማለት ነው?» ሳምንቱን ሙሉ በድርብ ፈረቃ ስትሠራ የከረመች ሴት በአንድ ቀን ከቤትም ከውጭም በቃል ተመታች።

እንዲህ ያለ እሑድ የማይታወቅበት የስደተኛ ቤት ጥቂት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በስልኩ ይሳበባል፤ አለበለዚያም «የዚህ አገር ልጆች» ይወቀሳሉ። ነገሩ ግን ከዚያ ጠለቅ ያለ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ የመነጋገር ሥርዓት አጥቶ አያውቅም። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ክፉ ወሬም በወጉ ይነገራል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን የተሠራው ፊት ለፊት ተያይተው ለሚነጋገሩ ሰዎች ነው። ስልክ ድምፅ ያመጣል፤ ጽሑፍ ቃል ያመጣል፤ ፊትን ግን ሁለቱም ያስቀራሉ። ስለዚህ ሥርዓቱን ወደ ስልኩ ይዞ የመግባቱ ሥራ የወደቀው በተናጋሪው ላይ ነው።

መርዶ ነጋሪ የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

አባቶችና እናቶች ስለ ንግግር ምን ያህል ይጨነቁ እንደነበር ለማየት ከመርዶ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በአገር ቤት ልማድ ሰው ሲሞት ወሬው ለቅርብ ዘመድ እንዲሁ አይወረወርም። ቀድመው የሰሙት ተሰብስበው ይማከራሉ። ሐዘንተኛው ሕመም ይኖርበት እንደሆነ፣ ሐዘንተኛዋ እርጉዝ እንደሆነች፣ ማን ቢናገር እንደሚሻል ይታሰባል። ከዚያም ብዙውን ጊዜ ንጋት ላይ ዘመድና ጎረቤት፣ በክርስቲያኑ ቤትም የንስሐ አባት ጭምር ሆነው በአንድነት ይሄዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ እንዳያድር፣ ሲወድቅም የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው።

መርዶ ነጋሪዎች እንዲህ ብለው በቃል ባያስቀምጡትም ሦስት ነገር ሳያጣሩ አፋቸውን አይከፍቱም። ሰውዬው የት ነው ያለው? ከማን ጋር ነው? ሰዓቱስ ምን ሰዓት ነው?

ዛሬ ይህ ሁሉ በአንድ ጣት ይፈርሳል። የሩቅ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ የሟችን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር አድርጎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሐዘኑን መግለጹ ነው። ሆኖም የሟች ልጅ በዚያች ሰዓት ሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ሥራ ላይ ትሆናለች፤ ወይም ወንድሙ መንገደኛ ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ ይሆናል። ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ በተሰጣት ጠባብ ክፍል ብቻዋን ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፎቶግራፍ ታያለች፤ ጮኻ እንዳታለቅስ እንኳ አሠሪዎቿ ተኝተዋል።

ሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. «እስላማዊ መንግሥት» ነኝ የሚለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን የገደለበትን ቪዲዮ ባሰራጨ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች መርዶውን ያገኙት ከዚያው ከተሰራጨው ምስል ነበር። ሽማግሌ ሳይቀድም ስልክ ቀደመ።

ሥርዓቱን በስልክ ዘመንም መጠበቅ ይቻላል። መጀመሪያ ማንም ሰው የሟች ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች መስማታቸውን ሳያረጋግጥ ፎቶግራፍ አይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ወሬው ከአገር ቤት የደረሰው ሰው በቀጥታ ለሐዘንተኛው ከመደወል ይልቅ እዚያው ከተማ ለሚኖር ወዳጁ ወይም ለዕድሩ ሰው ይደውል፤ እነሱም ሐዘንተኛው ከሥራ ወጥቶ ቤቱ መግባቱን አጣርተው ይሂዱ። በአካባቢው ማንም የሌለ እንደሆነና በስልክ መናገር ግድ ሲሆን፣ መጀመሪያ «የት ነህ? መኪና እየነዳህ ነው? አጠገብህ ሰው አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። ከተነገረም በኋላ ስልኩ ቶሎ አይዘጋ።

በሌላ በኩል ልማዱ የራሱ ጉዳት አለው። «ፈተና ላይ ናት»፣ «ወረቀቱ እስኪያልቅለት ይቆይ» እየተባለ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚደበቅ መርዶ አለ። ኋላ ሲሰማ ሐዘንተኛው ሁለት ጊዜ ያዝናል፤ አንድ ጊዜ ለሟች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም አውቀው እሱ ብቻ ሲስቅ ለከረመበት ጊዜ። በተለይ በውጭ አገር ያደጉ ልጆች መደበቁን እንደ ርኅራኄ ሳይሆን እንደ ውሸት ያዩታል። ቀብር ላይ ባይደርሱ እንኳ ሥርዓቱን በቪዲዮ መከታተል የሚፈልጉ አሉ። ለዚህ መፍትሔው ሁሉ ደህና ሳለ መጠየቅ ነው። «እማዬ ብትታመም ወዲያው እንዲነገርህ ትፈልጋለህ? መጀመሪያ ለማን እንደውል?» ብሎ መጠየቅ ሟርት አይደለም። ይህን አስቀድሞ የተነጋገረ ቤተሰብ በክፉ ቀን አይደናገርም።

ንጋት ላይ የሚጮኽ ስልክ

የሰዓቱ ነገር ሌላም መዘዝ አለው። ዋሽንግተን ያለ ሰው ማታ ፈረቃውን ጨርሶ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እናቱን ሊጠይቅ ይደውላል። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ወራት አዲስ አበባ 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ 8 ሰዓት። ስለዚህ እናት ዘንድ ስልኩ የሚጮኸው ጎሕ ሲቀድ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ በቆየው ልማድ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው። ልጅ ናፍቆት ደወለ፤ እናት ግን ልቧ ተሰንጥቆ ስልኩን ታነሳለች።

መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ ለሰላምታ ነው የደወልኩት» የሚለው ከሁሉ በፊት ይምጣ። የድምፅ መልእክት ሲላክም እንዲሁ ነው። ሰባት ደቂቃ የሚረዝም መልእክት ሰላምታው ሳያልቅ አራት ደቂቃ ይሄዳል፤ ሰሚው ግን ክፉ ወሬ መጨረሻው ላይ ይመጣ እንደሆን እየፈራ ነው የሚያዳምጠው። «አትደንግጡ፤ የምነግራችሁ ስለ ቤቱ ኪራይ ነው» ብሎ መጀመር ሰላምታውን አያሳጥረውም፤ ጭንቀቱን ግን ያሳጥረዋል። «ደውልልኝ» ብቻ ተብሎ የሚላክ ጽሑፍም ሰው ያስበረግጋል። ለምን እንደሆነ አንድ ቃል ይጨመርበት።

በቀጠሮም ብዙ ስሕተት ይሠራል። አገር ቤት ያለ ሰው «በሁለት ሰዓት ደውል» ሲል ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ውጭ አገር የኖረው ደግሞ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠብቃል። ሪያድ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓቱ እኩል ነው፤ ዱባይ ያለው በአንድ ሰዓት ይቀድማል። «ቅዳሜ ጠዋት፣ በእናንተ በሁለት ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ግን የሚሳሳት የለም።

ከሰዓቱም የባሰ ጠብ የሚያመጣው የገንዘብ ነገር ነው። አገር ቤት ያለው ዘመድ ገንዘብ ሲጠይቅ ውጭ ያለው «አልችልም» ማለት ይከብደውና «እስቲ አያለሁ» ይላል። በእሱ ቤት በጨዋ ደንብ እምቢ ማለቱ ነው። ሰሚው ግን ተስፋ ተሰጠው፤ ለትምህርት ቤቱ «በሚመጣው ወር እከፍላለሁ» ብሎ ልጁን ያስመዘግባል። ወሩ ሲደርስ አንዱ ተዋራጅ፣ አንዱ ከሃዲ ሆኖ ይቀራል። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ «እስቲ አያለሁ» ሲል የተናጋሪው ፊት እምቢታውን በነገረው ነበር። በስልክ ግን ቃሉ ብቻውን ነው የሚሄደው። የሚችል መጠኑንና ቀኑን ይናገር፤ የማይችልም ምክንያቱን ጨምሮ «በዚህ ዓመት አልችልም» ይበል። የዛሬ ቅሬታ ከከርሞ ቂም ይሻላል።

«መጣ» ወይስ «መታ»?

ጥንት ደብዳቤ ሲጻፍ «ይድረስ» ተብሎ ተጀምሮ፣ ጤና ተጠይቆ፣ የቤተሰቡ ደኅንነት ተዘርዝሮ ነበር ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ካሴት ላይ ድምፅ ቀድቶ መላክም ነበር። በስልክ ካርድ ዘመን ደግሞ ደቂቃው ሳያልቅ ለማን ምን እንደሚባል በወረቀት ተጽፎ ይያዝ ነበር። ዘዴው ሁሉ አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሳያስብ አይናገርም ነበር። አሁን መላኩ ነፃ ስለሆነ ማሰቡም ቀርቷል።

አንዱ ችግር ፊደሉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የጻፈው አማርኛ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ አይነበብም ነበር፤ ስለዚህ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ። ልማዱ ዛሬም አልቀረም። በላቲን ሲጻፍ ግን «ጠ» እና «ተ» አይለዩም፤ «መጣ» እና «መታ» አንድ ዓይነት ይሆናሉ። «አባባ ትናንት ማታ መጣ» ተብሎ የተላከ መልካም ዜና «አባባ ትናንት ማታ መታ» ተብሎ ቢነበብ የሚያስከትለውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ላይ የአማርኛ መጻፊያ አለ፤ ከሌለም በነፃ ይጫናል። አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ መልመድ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በራሱ በፊደሉም ቢሆን የማይታይ ነገር አለ። አማርኛ ሲነገር የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፍ አይለይም። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፣ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ያመለክታል። «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፤ ላልቶ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ነው። በተረፈ ቀልድና ምፀት በጽሑፍ ሲሆኑ ስድብ ይመስላሉ። «አንተማ ትልቅ ሰው ሆነሃል» የሚለው ቃል ትከሻ እየነካ ሲነገር ፍቅር ነው፤ በስልክ ተጽፎ ሲመጣ ግን ነገር ፍለጋ ይሆናል። ስለዚህ ለቀጠሮ፣ ለአድራሻና ለቁጥር ጽሑፍ ይበቃል። ለቀልድና ለናፍቆት ድምፅ ያስፈልጋል። ለቅሬታና ለይቅርታ ግን ቢቻል በአካል መገናኘት፣ ካልተቻለም በቪዲዮ ፊት ለፊት መተያየት ይሻላል።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

በስልክ ከሚነሱ ጠቦች ሌላው ምንጭ አያትና የልጅ ልጅ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ መጥሪያ ብቻ አለው። አማርኛ ግን «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን፣ «እርስዎ»ንና «እናንተ»ን ይለያል፤ በየገጠሩም «አንቱ» አለ። ግሡም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ውጭ አገር የተወለደ ልጅ አያቱን «አያቴ፣ መቼ ትመጣለህ?» ቢላቸው ንቀት አይደለም፤ በእሱ ጭንቅላት ውስጥ የሚመርጠው ነገር የለም። ለአያት ሴት በወንድ አንቀጽ ሲናገርም እንዲሁ ነው። የትርጉም መሣሪያም ቢሆን አያድነውም። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማሽኑ ግን የሚጻፈው ለአያት ይሁን ለጓደኛ ካልተነገረው አያውቅም።

ልጁም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። አክስት በቪዲዮ አይታው «ውይ፣ ወፍረሃል!» ስትለው እሷ ዘንድ ምርቃት ነው፤ ተመችቶሃል ማለቷ ነው። እሱ ባደገበት አገር ግን የሰውን ክብደት ፊቱ ላይ መናገር ነውር ነው። አማርኛውን ሲሳሳት ዘመድ ከሳቀበት ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ከዚያ በኋላ ስልኩ በግድ እጁ ላይ ሲደረግና «በል አያትህን አናግር» ሲባል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ይመልሰዋል።

ወላጅ በመካከል ቆሞ ሁለቱን ማስተዋወቅ ይችላል። ከመደወሉ በፊት ልጁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይለማመድ፦ «ጤና ይስጥልኝ አያቴ፣ እንደምን አሉ?» የሚለውን ሰላምታና አንድ እውነተኛ ጥያቄ፤ ለምሳሌ «ልጅ ሳሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» ጥያቄ ያለው ልጅ ጨዋታ ያገኛል። ሲሳሳትም ከመሳቅና ከመቆጣት ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን አቃንቶ ደግሞ ማሰማት ይበቃል፤ ልጁ «አያቴ፣ ና» ሲል እናት በለዘብታ «አያቴ፣ ይምጡ» ብላ ትቀጥል። ለአያትም «ልጁ ማክበሩን በቃል አላወቀበትም እንጂ በልቡ ያከብርዎታል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ነው።

ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን

በብዙ ቤት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ወላጅ ያለ ልጁ አፍ መናገር ያቅተዋል። የባንክ ደብዳቤ የሚያነበው፣ ከአከራይ ጋር የሚነጋገረው፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ይህን በማድረጉ ይኮራል፤ ወላጅም «ልጄ ይህን ሁሉ ያውቃል» ብሎ ይደሰታል። ሐኪሙ «እናትህ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቷል» እንዲል የሚነግረው ቀን ግን ይመጣል። ያን ጊዜ ልጁ መርዶ ነጋሪ ተደረገ፤ ያውም የቅርብ ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ። አንዳንዱ ይደነግጥና ያሳንሰዋል፤ አንዳንዱ ቃሉን በአማርኛ አያውቀውም። እናትም ስለ ሴትነቷ ሕመም በወንድ ልጇ አፍ ለመናገር አፍራ ትደብቀዋለች። በሦስቱም መንገድ ሐኪሙ እውነቱን አያገኝም።

በአሜሪካ ይህ የግድ አይደለም። የጤና አጠባበቅ ሕጉ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ድርጅቶችን ይመለከታል፤ በ2016 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የወጡት ማስፈጸሚያ ደንቦችም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ከልክለዋል። አስተርጓሚውን የሚያቀርበውም በሽተኛው ሳይሆን ድርጅቱ ነው፤ በሽተኛውን አያስከፍልም። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥታለች፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ብቻ ይበቃል። በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ልጁ አብሮ ሄዶ የእናቱን እጅ ይያዝ፤ ሸክሙን ግን ሌላ ሰው ይሸከመው።

«እሺ» ስንት ትርጉም አለው?

በቤት ውስጥ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከአንዲት ቃል ነው። «እሺ» አንዳንድ ጊዜ «አደርገዋለሁ» ማለት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ «ሰማሁ»፤ አንዳንድ ጊዜም «ተይኝ፣ አታድርቂኝ»። ሚስት «የመኪናውን ኢንሹራንስ ክፈል» ስትል ባል «እሺ» ይላል፤ እሷ ተከፈለ ብላ ትተኛለች፤ እሱ ነገሩ መነሳቱን ሰምቷል ማለቱ ነበር። «እሺ፣ ዓርብ እከፍላለሁ» ቢባል ኖሮ የወሩ ጠብ በአንድ ቃል በቀረ ነበር።

ሌላው ትእዛዝ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ከልጁ ጋር በቀን የሚኖረው ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ንግግሩ በሙሉ «በላህ? አጠናህ? ታጠብ፣ ተኛ» ይሆናል። ወላጁ ይህን ፍቅር ብሎ ይቆጥረዋል፤ እውነቱንም ነው። ልጁ የሚሰማው ግን የአለቃ ድምፅ ነው። በቀን አንዲት መልስዋ «አዎ» ወይም «አይ» ያልሆነች ጥያቄ ብትጨመር፣ «ዛሬ ምን አሳቀህ?» ዓይነት፣ ለውጡ በሳምንት ውስጥ ይታያል።

ለዚህ የተዘጋጀ ሰዓት አገር ቤት ድሮም ነበር፤ ቡና ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ሰው ከመጫወት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አቦል ላይ ያልወጣ ነገር በረካ ላይ ይወጣል፤ ከባድ ነገር ጊዜ ይፈልጋልና። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሉም ቤት በሚሆንበት ሰዓት፣ ስልኮቹ በአንድ ሰፌድ ተሰብስበው ሌላ ክፍል ቢቀመጡና ረከቦቱ ቢቀርብ፣ ልጁ ቡና ባይጠጣ እንኳ ፈንዲሻውን እየበላ ይቀመጣል። የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ይናገራል።

የቤተሰብ ግሩፕ ሲታመስ

በየቤቱ በዋትሳፕ፣ በቫይበር ወይም በቴሌግራም የቤተሰብ ግሩፕ አለ። የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ልደት፣ የበዓል ሰላምታ ይላክበታል። ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጦርነት በተነሳ ጊዜ ግን ስንቱ ግሩፕ ፈረሰ! አንዱ የደረሰውን ቪዲዮ ያስተላልፋል፤ ሌላው ይመልሳል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ይወጣል። ወንድማማቾች ያኔ በተጻፈ ቃል የተነሳ እስከ ዛሬ የማይደዋወሉበት ቤት አለ። ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ፣ ኋላም በ2023 እ.ኤ.አ. አማራ ክልል ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ደግሞ የዘመዱን መኖርና አለመኖር የማያውቅ ሰው በዚያው ግሩፕ ውስጥ ሌላው ሲፎክር ያነብ ነበር። የላከው ሰው ማን እንደሚያነብ፣ አንባቢውም በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አልጠየቀም።

ሽማግሌ እንዲህ አያደርግም። ሽማግሌ የተጣሉትን መጀመሪያ ለየብቻ ይሰማል። በአደባባይ ማን አጠፋ ብሎ አይፈርድም፤ ሰው በብዙ ዓይን ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት ይከብደዋልና። ግሩፕ ማለት ደግሞ አደባባይ ነው። ስለዚህ ቅር ያለው ሰው እዚያው መልስ ከመጻፍ ይልቅ ለብቻው ይደውል። ቃል የደረሰው በሌሊት ከሆነ መልሱ ይደር። ተቆጥቶ የጻፈ ሰው ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ በጆሮው ሲሰማው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሰርዘዋል። ከላከ በኋላ «ለሁሉም አጥፋ» የሚለውን መጫን ይቻላል፤ ግን ያነበበው አንብቦታል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የአፍ ወለምታም በቅቤ አይታሽም።

ይቅርታ ግን ይታሽበታል። በግሩፕ ውስጥ የተሰደበ ሰው በጓዳ ይቅርታ ቢጠየቅ ግማሹ ነው የሚታረቀው፤ መጀመሪያ ለብቻ ተደውሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባል፤ ኋላም ሁሉም ባነበበበት ቦታ አንድ መስመር ይጻፍ። ለሁለት ዓመት ያልተደወለበት ስልክ ቁጥር ላይ «በዓሉ እንዴት ዋለ?» የሚል አጭር ድምፅ መላክ ማንንም አያዋርድም። «ጠፋህ» የሚለው ቃል በአማርኛ ወቀሳ የሚመስል ናፍቆት ነው፤ የጠፋ ሰው የሚፈለገው ስለሚወደድ ነውና።

ያቺ እሑድ ምሳ ያበሰለችው እናትም ብትሆን ነገሩን ማቃናት አይከብዳትም። ደረጃውን ወጥታ በሩን አንኳኩታ «ያቺ ‹ኬ› ያልካት ምን ማለት ናት?» ብላ ልጇን ልትጠይቀው ትችላለች። እሱ ይገረማል፤ ምናልባትም ይስቃል። ከዚያ እሷ ደግሞ ለምን እንደከፋት ትነግረዋለች፤ በሚቀጥለው እሑድም ልጁ «እሺ እማዬ፣ መጣሁ» ብሎ ይጽፍ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ ሳይጽፍ ይወርዳል። ለእኅቷም የሚሻለው መልስ ሰባት ደቂቃ ማብራሪያ አይደለም፤ «ደህና ነኝ፤ ድርብ ፈረቃ ይዞኝ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ በእናንተ በሁለት ሰዓት እደውላለሁ» የሚል ነው። ቅዳሜም በሰዓቱ መደወል ነው።